አሥራ ሁለቱ ቃላት

«ወደ ግራ ዙር አባዬ። በቃ፣ በቃ፣ እንደዚያው ሁን። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ። ዓይንህን አንዴ ጨፍነህ ግለጥ። እስቲ ፈገግ በል።»

ተኳሿ ይህን የሰማችው ምድጃው አጠገብ ቆማ የአባቷን ፊት መታጠቢያ ውሃ ስታሞቅ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ በዚያ ቤት የሚነገር ነገር ሁሉ የሁሉም ነው። መጀመሪያ ወንድሟ የአባታቸውን ጢም የሚላጭ መሰላትና ዛሬ ፀሐይ ከወዴት ወጣች ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች። መጋረጃውን ገለጥ ስታደርግ ግን ምላጭም ሳሙናም የለም። የሰባ ሁለት ዓመቱ አባቷ በካናቴራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ መታወቂያውን እንደ እስረኛ አገጩ ሥር ደግፎ፣ በልጁ ስልክ ፊት አንገቱን ያዟዙራል። ደስ ብሎታል። ልጁ እንዲህ ተጠግቶት፣ ትከሻውን ይዞ፣ «ጎበዝ አባዬ» ካለው ስንት ዘመኑ!

ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ላውንድሪ ቤት ልብስ በመተኮስ ስለምትኖር ሰፈሩ ሁሉ ተኳሿ ይላታል፤ አንዳንዱ ምላሷንም ጨምሮ ነው እንዲህ የሚላት። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱን ትቶ ወጣና አሁን አሰልጣኝ ይባላል። ከቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ አዳራሽ ተከራይቶ «ክሪፕቶ ለጀማሪዎች፤ ዜሮ እውቀት ይዘው ይምጡ» የሚል ጨርቅ ሰቅሎ፣ በኢንተርኔት ስለሚገበያይ ገንዘብ ያሰለጥናል። ለዚህ ሥራ የሚለብሳቸውን ነጫጭ ሸሚዞች የምትተኩስለት እሷው ናት፤ በነጻ። ውጭ ሲወጣ ሰው አክባሪ፣ ጨዋ፣ ተጫዋች ነው። ቤት ሲገባ ግን አንድ ብርጭቆ ከቦታው አያነሳም፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው።

«ምን እያደረግኸው ነው?» አለችው።

«አካውንት እየከፈትኩለት ነዋ። ፊቱን ካላየ ሲስተሙ አይቀበልም።» ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ከዚያ የአባቱን ስልክ አነሳ፤ ራሱ ባለፈው ወር የገዛለትን። የሆነ ነገር ነካካና ወፍራም ጥቁር ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ስክሪኑ ላይ የወጡትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ እየጠራ ይገለብጥ ጀመር። አባቱ ምን ማለት እንደሆኑ ሲጠይቀው እየሳቀ ተረጎመለት፤ ዓሣ፣ መስኮት፣ ድልድይ፣ ጨው፣ ዝናብ። አሥራ ሁለት ቃል።

«ይሄ ምን ዓይነት ድግምት ነው?» አለ አባቷ።

«የዋሌትህ ቁልፍ ነው አባዬ። ዋሌት ማለት ቦርሳ ነው፤ ክሪፕቶህ የሚቀመጥበት።»

«ቁልፉ የሱ ከሆነ ለምን ባንተ ደብተር ትጽፈዋለህ?» አለች ተኳሿ።

ወንድሟ ደብተሩን ዘጋ። «እሱ ይጥለዋላ። የሁሉንም ሰው የምይዘው እኔ ነኝ፤ ለደኅንነት። እትዬ፣ ስለማታውቂው ነገር ለምን ትገቢያለሽ?» አባቷም ቀበል አድርጎ፣ «ተይው እስቲ ወንድምሽን፣ ሥራውን ይሥራበት» አላት። ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አንድ ነገር ደብቋታል ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሲዋሽ ወደ ጎን ያያል እንጂ አፉ አይዋሽም። ለክፉ ቀን ብሎ ባንክ ያስቀመጠው፣ ከሰው ጋር በሽርክና የያዛትን ሚኒባስ ድርሻ ሸጦ ያገኘው ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ነበር። ዛሬ በስልክ ከባንክ የሚያስተላልፍለት እሱን መሆኑ ገባት። ግን ገንዘቡ የሱ ነው፤ ልጁም ልጁ ነው። ውሃውን በሣህን ገልብጣ ሰጠችው፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና ወደ ሥራዋ ወጣች። 

ላውንድሪ ቤቱ ከአውራ መንገዱ ዳር፣ በፋርማሲና በስልክ ጥገና ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ቤት ነው። መስታወቱ ላይ ዋጋው ተለጥፏል፤ ሸሚዝ ሠላሳ፣ ሱሪ አርባ፣ ሙሉ ሱፍ መቶ ሃምሳ፣ ብርድ ልብስ በኪሎ። ከፊት የላውንድሪው ባለቤት ከነደረሰኟ ትቀመጣለች፤ ከኋላ፣ የእንፋሎቱና የሳሙናው ሽታ የሰው ጉሮሮ በሚይዝበት ክፍል፣ ተኳሿና አጣቢዋ ይሠራሉ። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አጣቢዋ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿንና ዓይናቸው በሞራ ግርዶሽ የጨለመባቸውን እናቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት። ብዙ አታወራም፤ ሲከፋት ግን ልብሱን ከሚገባው በላይ ትጨምቃለች። በዚያን ጠዋት አንድ የሰው አንሶላ እስኪቀደድ ድረስ ነበር የምትጨምቀው።

ነገሩ የወጣው በረፋዱ ነው። አጣቢዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ባለቤቷ ሄደችና የሁለት ወር ደሞዟን በቅድሚያ እንድትሰጣት ለመነቻት። ባለቤቷ መስቀያዎቹን መቁጠሯን ሳታቋርጥ፣ «ባንክ ነኝ እንዴ እኔ?» አለቻት። አጣቢዋ ተመልሳ ገንዳው ላይ አጎነበሰች። ተኳሿ ካውያውን አቁማ ጠጋ አለችና ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። «ተይኝ» አለች መጀመሪያ። ቆይታ ግን፣ ቀና ሳትል፣ «ወንድምሽን አንድ ነገር ለምኝልኝ» አለች።

ተኳሿ አልገባትም። ወንድሟና አጣቢዋ በምን ይተዋወቃሉ? አጣቢዋ ቀስ በቀስ አወራችላት። ከአምስት ወር በፊት፣ አሰልጣኙ ሸሚዝ ሊወስድ በመጣ ቀን፣ ስለ ክሪፕቶ አጫውቷታል። የተኳሿ ወንድም ነው ብላ አመነችው። ለእናቷ ዓይን ቀዶ ጥገና ያጠራቀመችውን ስልሳ ሺህ ሰጠችው። ስልኳ ላይ ሁለት ነገር ጫነላት፤ አንዱ ቦርሳው ነው፣ ሁለተኛው ገንዘቡ ሲነግድ የሚታይበት ነው አላት። ሁለተኛው በየቀኑ አረንጓዴ ቁጥር ያሳያታል፤ ስልሳው ሰባ ሆነ፣ ሰባው መቶ አለፈ። የእናቷ የቀጠሮ ቀን ሲደርስ ላውጣው አለችው። ገበያው ወርዷል ታገሺ አላት። ታገሠች። ቀጠሮው አለፈ። እንደገና ስትጠይቀው ገንዘቡን ለማውጣት አስቀድማ አሥራ አምስት በመቶ ግብር መክፈል እንዳለባት ነገራት።

«ከገንዘቤ ላይ ቀንሰው ስለው አይቻልም አለኝ። ከውጭ መምጣት አለበት አለኝ። አሁን ደሞዜን የምለምነው ለዚያ ነው።»

«አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ አልነገርሽኝም?»

«ወንድምሽ ነው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ እኔ ያልገባኝ ነገር ነው ብዬ ነው። ሁሌ እንዲህ ነው የሚለኝ፣ አልገባሽም።»

ተኳሿ ደሟ ፈላ። ንዴቷ ግን ወዲያው አልወጣም፤ ካውያው ሥር ያለውን ሸሚዝ እስክትጨርሰው ድረስ ተኮሰችው፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ። ኋላ ላይ ስታየው የወንድሟ ሸሚዝ ነበር። አጥፋ አስቀመጠችውና የአጣቢዋን ስልክ ተቀበለቻት።

የምሳ ሰዓታቸው ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሁለቱም ሳይበሉ ጎረቤት ወዳለው ስልክ ሠሪ ሄዱ። ስልክ ሠሪው አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ከሰው ይልቅ ከብሎን ጋር ማውራት የሚቀለው ሰው ነው። እሱም በክሪፕቶ ይነግዳል ይባላል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቢጠፋ በማያስርበው ገንዘብ። ስልኩን ተቀብሎ ሁለቱንም አፖች ከፈተ። አረንጓዴውን ቁጥር እንዳየ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ከቦርሳው ላይ አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ የቦርሳውን አድራሻ፣ ገልብጦ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ለጠፈ፤ ስክሪኑንም ወደ እነሱ አዞረ።

«ይሄውላችሁ» አለ። «ይሄ ነገር ሁሉም ሰው የሚያየው መዝገብ አለው። ማን እንደሆንክ አይጽፍም፤ ምን ያህል ከየት ወዴት እንደሄደ ግን አይደብቅም። እዚህ ጋ ገንዘብሽ ገብቷል። እዚህ ጋ ወጥቷል። በመካከላቸው ዘጠኝ ደቂቃ ነው ያለው።»

«ወጥቷል?» አለች አጣቢዋ። «እኔ አላወጣሁም!»

«አሥራ ሁለቱን ቃላት ማን ይዟቸዋል?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ቃላቱን የያዘ ነው ባለቤቱ» አለ ስልክ ሠሪው፤ ድምፁ ልስላሴም ጭካኔም አልነበረውም። «ስልኩ አይደለም፣ ስሙም አይደለም። ቃላቱ ያሉት ሰው በሌላ ስልክ፣ በሌላ አገር ሆኖም ቢሆን ይከፍተዋል። ለጀማሪ መጀመሪያ መነገር ያለበት ይሄ ነበር።» ከዚያ የገንዘቡ መድረሻ የሆነውን አድራሻ ነካ። ከየአቅጣጫው ወደዚያው የገባ ገንዘብ ዝርዝር ወረደ፤ በመቶ የሚቆጠር፣ ሁሉም እንደ አጣቢዋ ገብቶ በደቂቃዎች ውስጥ የወጣ።

አጣቢዋ ጣቷን አረንጓዴው ቁጥር ላይ አሳርፋ፣ «ይሄስ?» አለች። «መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ይላል እኮ።»

«ሥዕል ነው እህቴ። እኔም ባሠራው አንድ ሚሊዮን ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው።»

አጣቢዋ አላለቀሰችም። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በሽርጧ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው፣ የረጠበ ይመስል። ያ ነው ተኳሿን የቆረጣት። ጠዋት የአባቷን ፊት አስታወሰች፤ ግራ ቀኝ የሚዞረውን፣ ፈገግ የሚለውን። ለስልክ ሠሪው ስትነግረው፣ ዛሬ ጠዋት የገባ ከሆነ ገና ላይወጣ ይችላል፣ አዲስ ቦርሳ ከፍተን ቃላቱን አባትሽ ብቻ ይዘው ልናሸጋግረው እንችላለን፣ ግን ፍጠኚ አላት። ለላውንድሪው ባለቤት እንኳ ሳትናገር ወደ ቤት ሮጠች። ሠላሳ ስምንት ደረጃ፣ ሁለት መታጠፊያ፣ የጎረቤት ውሻ። አባቷ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

ነገረችው። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታስተካክል። እሱ አዳመጣትና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰጣት ሲል መልሶ ያዘው።

«ልጄን ሌባ ነው እያልሽኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም። እንየው ነው ያልኩት።»

«ሃያ ዓመት አንቺና እሱ አንድ ነገር ተስማምታችሁ አታውቁም። ዛሬ በኔ ገንዘብ ልትጣሉ ነው?» ወደ ጎን አየ።  ከላይ ቤት ሬዲዮ ዜና ያነባል። ተኳሿ ንዴቷን ሁሉ ውጣ፣ የአጣቢዋን ነገር ብቻ አወራችለት፤ ስልሳ ሺውን፣ የእናቷን ዓይን፣ ያለፈውን ቀጠሮ፣ የአሥራ አምስት በመቶውን ግብር፣ ዛሬ ጠዋት ደሞዟን ስትለምን ባንክ ነኝ እንዴ መባሏን። አባቷ አጣቢዋን ያውቃታል። ባለፈው ክረምት ታሞ በተኛ ጊዜ አንሶላውን ወስዳ አጥባ ያመጣችለት እሷ ናት፤ ሂሳብ አልቀበልም ብላ።  ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ።

«ዱላዬን አቀብዪኝ» አለ።

ስልክ ሠሪው ቤት ሲደርሱ ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የአባቷ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ጠዋት ገብቶ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ወጥቷል፤ ወደዚያው አድራሻ። ሽማግሌው ፊቱን ገና ባልታጠበበት፣ ውሃው ገና ለብ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ስልክ ሠሪው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። አባቷ ስክሪኑን ሁለት ጊዜ እንዲያሳየው ጠየቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንገቱን ነቀነቀ፣ መንገድ ሲነገረው እንደሚነቀንቀው። «ዛሬ የት ነው የሚያሰለጥነው?» አለ በመጨረሻ። ተኳሿ አዳራሹን ነገረችው። ስልክ ሠሪው ማንም ሳይጠይቀው ላፕቶፑን ቦርሳው ከተተና የሱቁን መዝጊያ አወረደ።

አሥር ሰዓት ላይ ነው የደረሱት። አዳራሹ ከአልጋና ቁም ሣጥን መሸጫ በላይ ስለሆነ ደረጃው ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ውስጡ አርባ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በወንበሮቹ ላይ ከሥራ የወጡ ሰዎች፤ ነርስ ከነዩኒፎርሟ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ባልና ሚስት ነጋዴዎች፣ ደብተር የያዘ ጡረተኛ የሒሳብ ሹም። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የበራ ጽሑፍ አለ፤ «ትዕግሥት የመጀመሪያው ካፒታል ነው» ይላል። ወንድሟ ከፊት ቆሞ፣ የለበሰው ሸሚዝ መስመሩን ጠብቆ፣ በሚያምር ድምፅ ያስተምራል። ተኳሿን የገረማት ትምህርቱ ትክክል መሆኑ ነው። ቢትኮይን ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ሰው የቤት ኪራዩን አውጥቶ መግባት እንደሌለበት፣ ሁሉንም እንደ ጥሩ መምህር ነው የሚተነትነው። ስለ አሥራ ሁለቱ ቃላትም አስተማረ።

«እነዚህን ቃላት ለማንም አትስጡ» አለ ጣቱን ቀስሮ። «ለባል አይሰጥም፣ ለሚስት አይሰጥም። ከአሰልጣኛችሁ በቀር ለማንም!» ሰው ሳቀ። «ደግሞ እኔ የማላምንበትን ነገር አላስተምርም። ዛሬ ጠዋት የገዛ አባቴን አስገብቻለሁ።» ተጨበጨበለት።

ተኳሿ ከኋላ ሆና ጮኸች። «እንግዲያው አሁን አውጣለት! እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ!»

አርባ ራስ ዞረ። ወንድሟ አያት፤ ለአንድ ቅጽበት የልጅነት ፊቱ መጣ፣ ከዚያ ወዲያው ፈገግታው ተመለሰ። «እህቴ ናት» አለ ለሰዉ። «ትንሽ ትፈራለች። ፍርሃት የጀማሪ ጠባይ ነው ብያችሁ የለ?» እንደገና ሳቁ። ስለ አጣቢዋ ስትናገር፣ ስለ ዘጠኝ ደቂቃው ስትናገር፣ ጉርምርምታው እየጨመረ መጣ፤ በእሱ ላይ ግን አይደለም። ነርሷ፣ «እባክሽ ተቀመጪ፣ ከፍለን ነው የመጣነው» አለቻት። የጥበቃ ሠራተኛው እንደ ልማዱ ተነስቶ ሊያስወጣት መጣ። እውነቱን መስማት ያልፈለጉት ሞኝ ሆነው አይደለም። ሞኝ ሆኖ መገኘትን ፈርተው ነው። ይህ ሲገባት ንዴቷ እጥፍ ሆነ።

ያኔ አባቷ በወንበሮቹ መካከል ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። በዱላ፣ ቀስ ብሎ። ማንም ያላስቆመው ሽማግሌ ስለሆነ ነው። ፕሮጀክተሩ ፊት ሲደርስ ጽሑፉ ፊቱ ላይ በራበት፤ ዓይኑን አጭበረበረው፣ ግን አልዞረም።

«የገዛ አባቴ የሚላችሁ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር ሰዉ ለመስማት ዝም አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ጭኜ ነድቻለሁ። ፍሬን እንደሌለኝ እያወቅሁ አንድም ቀን ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም። ጠዋት ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ሰጠሁት። በአሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደው። በዓይኔ አየሁት። ልጄ ነው፤ ይህን ስል አፌ ውስጥ ደም ደም ይለኛል። እናንተ ግን የያዛችሁትን ይዛችሁ ውረዱ።»

«አባዬ፣ በማታውቀው ነገር አታዋርደኝ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። የቤት ውስጥ ድምፁ ነበር። እዚያ ያለው ሰው በዚያ ድምፅ ሲናገር ሰምቶት አያውቅም። ነርሷ ቀስ ብላ ስልኳን አወጣች። ስልክ ሠሪው ላፕቶፑን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ «ማንም ሰው አድራሻውን ያምጣ፣ ላሳየው» አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም ተንጋጋ። በዚያ ትርምስ መሃል ተኳሿ ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቁር ደብተር ብቻ ነው። አነሳችው። ወንድሟም ዘሎ ጫፉን ያዘ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያች ቀን ሞኝ መሆን መረጠች። እጇን ጠመዘዘው፣ አልለቀቀችም። ሃያ ዓመት ካውያ የገፋ ክንድ ነው፤ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ በዚያው ቀን የገቡ ሰባት ሰዎች ስም ነበረ። ከትምህርቱ በፊት የከፈሉ፣ ቃላታቸው የተገለበጠ፣ እሱ ማስተማር ስለጀመረ ግን ገንዘባቸው ሳይወሰድ የቆየ። ስልክ ሠሪው አንድ በአንድ አስቀመጣቸው። ለእያንዳንዱ አዲስ ቦርሳ ከፈተ፤ «ፊቴን አዙሬያለሁ፣ ቃላቱን በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ ለኔም አታሳዩኝ» እያለ ገንዘባቸውን አሸጋገረላቸው። ስድስቱ ተረፉ። ሰባተኛው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ስልኩን ሲከፍቱለት ባዶ ነበር፤ ከሦስት ደቂቃ በፊት ወጥቷል። ሰዉ ሁሉ አሰልጣኙን ሲፈልግ አሰልጣኙ ስልኩን ይዞ በኋላ ደረጃ ወርዷል።

ተኳሿ ተከትላው ወረደች። በዕቃ መሸጫው ጓሮ፣ በተደረደሩ ፍራሾች መካከል፣ ስልኩ ላይ እንዳጎነበሰ ደረሰችበት።

«እኔም ተበልቼ ነው እትዬ!» አላት። ላብ ሸሚዙን አጣብቆታል። «ከትምህርት ቤቱ ያገኘሁትን ካሣ ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ፣ ከኔ በላይ ያሉት ሰዎች በሉት። ሰው ካመጣህ አሥር በመቶ ይመለስልሃል አሉኝ። ያስመልስልኛል ብዬ ነው የገባሁት።»

«አንተ ስትበላ መጥተህ ብትነግረን እናለቅስልህ ነበር» አለችው። «ካለን ላይ እናካፍልህ ነበር። አንተ ግን ዓይነ ስውር እናት ያላትን ሴት ፈልገህ አገኘህ። የኔን ስም ይዘህ! አሁን እንኳ፣ ሰው እየጮኸ፣ የዚያን ጥበቃ ገንዘብ እየሮጥክ ወሰድክ።»

 በፍራሾቹ መካከል ሾልኮ ወጣ።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ የጠበቃት ምስጋና አልነበረም። ጡረተኛው የሒሳብ ሹም የራሱን ደብተር ብብቱ ሥር ይዞ መንገዷ ላይ ቆመ። ስድስት ወር ሙሉ ገንዘቡ አሰልጣኙ ዘንድ ነበረ። ጨዋ፣ ንጹሕ የለበሰ ሰው ነው፤ ድምፁንም አላነሳም።

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት። «የነዚህ የሰባቱ ቢገባ ኖሮ ቢያንስ የኛ ይወጣ ነበር። አሁን በሩን በኛ ላይ ዘጋሽብን።»

ከኋላው ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ተኳሿ ልትሰድበው ቃጣት። ይህን ሰው ምን ብላ ትስደበው? የተሰረቀ ሰው ነው፤ መዳን የታየው ግን ሌላው ሲሰረቅለት ነው። ወንድሟስ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? «እርስዎ የሒሳብ ሹም ነዎት» አለችው በመጨረሻ። «የነዚያ ሰባት ሰዎች በማን ይወጣ ነበር?» ሰውዬው መንገዱን ለቀቀላት።

ፖሊስ ጣቢያው ሲደርሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ነርሷ መጥታለች፣ ጥበቃው መጥቷል፤ አጣቢዋም ከሥራ በቀጥታ፣ እጇ በሳሙና እንደተሸበሸበ መጥታለች። የሒሳብ ሹሙ አልመጣም። በመንገድ ላይ ተኳሿ ክሱን እኔ እፈርማለሁ ብላ ነበር። አባቷ ግን፣ «አንቺ እህቱ ነሽ። ነገ አብራችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ነኝ የምፈርመው» አላት። በሩን ሲያልፉ ክንዷን ያዘ፤ በሕይወቱ ተደግፏት አያውቅም ነበር።

መርማሪው ደከም ያለ፣ ሻይ የሚጠጣ ወጣት ነው። ጥቁሩን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረገና ጎኑ አስቀመጠው። ቅጹን አወጣ፤ የከሳሽ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ሽማግሌው ሁሉንም በቅደም ተከተል መለሰ። የተከሳሽ ስም። ነገረው። የተከሳሽ አድራሻ። ነገረው፤ የራሱ ቤት አድራሻ ስለሆነ መርማሪው ቀና ብሎ አየው።

«ከተከሳሽ ጋር ያለዎት ዝምድና?»

አባቷ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። 

«ልጄ ነው።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ በአክብሮት፣ እንደ ልጅ፣ «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤተሰብ ውስጥ ቢያልቅ አይሻልም?» አለ።

«በቤተሰብ ውስጥ ነው የጀመረው» አለ ሽማግሌው፤ እስክሪብቶውንም ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ መልሶ ሰጠው። «ጻፍ።»